«ሴት ብቻ ነው የምትወልደው»

እናቴ አምስት ልጆች ወልዳለች። አምስታችንም ሴቶች ነን። እኔ አራተኛዋ ነኝ። እስከ ሁለተኛዋ ድረስ «ምን አለበት፣ ቀጥሎ ወንድ ይመጣል» ይባል ነበር አሉ። ሦስተኛዋ ላይ ወሬው ተጀመረ። አምስተኛዋ ስትወለድ የአባቴ ዘመዶች ተሰብስበው መጡ። «ስምህን የሚያስጠራ ወንድ ልጅ ሳይኖርህ ልትቀር ነው? ይህች ሴት ብቻ ነው የምትወልደው፤ ሌላ አግባ» አሉት። አባቴ በጄ አላለም። ለዚህ ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቷ ጥፋተኛ ሆና ኖረች። ያልተሳለችበት ደብር፣ ያልተጠመቀችበት ጠበል የለም። አንዷ «በቀኝ ጎንሽ ተኚ» ትላታለች። ሌላዋ «ይህን ሥር አፍልተሽ ጠጪ» ትላታለች። ምክሩ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሷ ነበር። አባቴን «አንተስ?» ያለው ሰው የለም።

ከዓመታት በኋላ ባዮሎጂ ስማር አንድ ገጽ ላይ ደርሼ ማለፍ አቃተኝ። የልጅን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር ነው ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን የተወቀሰችው ሰውነቷ ፈጽሞ ሊያደርገው በማይችለው ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የሚይዙ 46 ክሮሞሶሞች አሉ፤ 23 ጥንድ ማለት ነው። ከየጥንዱ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ ነው። ከእነዚህ ጥንዶች አንዱ የጾታ ጥንድ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት። ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። እንቁላልና የወንድ ዘር ሲሠሩ ጥንዱ ለሁለት ይከፈላል። እናት ከኤክስ ሌላ የምትሰጠው የላትም። ከአባት ዘር ግን ግማሹ ኤክስ ይይዛል፣ ግማሹ ዋይ። ኤክስ የያዘው እንቁላሉ ውስጥ ከገባ ሴት ትወለዳለች፤ ዋይ የያዘው ከገባ ወንድ።

ይህን ካዩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። በ1905 እ.ኤ.አ. ዱቄት ውስጥ የሚኖሩ ጥንዚዛዎችን በማይክሮስኮፕ ስታይ የወንዱ ዘር ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘችው። አንዱ ትልቅ ክሮሞሶም ይዟል፤ ሌላው በዚያው ቦታ ትንሽ ይዟል። ትንሹን የያዘው ወንድ ይሆናል። ከዚያ በፊት የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት ጭምር ጾታን የሚወስነው የእናት ምግብ ወይም ሙቀት ይሆናል ብለው ያስቡ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋይ ላይ ያለው ዋናው ጂን ተለየ፤ ኤስአርዋይ ይባላል። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ የወንድም የሴትም ጽንስ የመራቢያ አካሉ አንድ ዓይነት ነው። ያ ጂን ሥራ ሲጀምር የወንዱ በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ በሌለበት ጊዜ የሴቷ በሌላ መንገድ ይቀጥላል።

ልጅ የፈጣሪ ስጦታ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ አንባቢዎች እንዳሉኝ አውቃለሁ። እኔም አምናለሁ። ግን ስጦታው በማን በኩል እንደሚመጣ ማወቅ እምነትን አይነካም። ለነገሩ «አባቴ ነው ጥፋተኛው» ማለቴም አይደለም። አባቴ የትኛው ዘር ቀድሞ እንደሚደርስ አይመርጥም። እያንዳንዱ እርግዝና ለብቻው ነው፤ ያለፈውን አያስታውስም። አምስት ልጅ ያላቸው 32 ቤተሰቦች ቢሰበሰቡ ከመካከላቸው አንዱ ሴት ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ወንድ ብቻ ቢኖረው የሚጠበቅ ነው። እኛ ያ አንዱ ቤተሰብ ነን። ሌላ ሚስት ቢያገባ ኖሮም ቀጣዩ ልጅ ሴት የመሆን ዕድሉ ያው ግማሽ በግማሽ ነበር።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሰው ለራስ ምታት ሲመጣ ጮክ ብሎ ይጠይቃል። ስለ ወር አበባ ወይም ስለ እርግዝና ሊጠይቅ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ሱቁ ባዶ እስኪሆን ይጠብቃል። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ ያንሾካሽካል። ከዚህ ሁሉ ሹክሹክታ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ስለ ገላችን ባለማወቃችን የሚመጣውን ዕዳ የምትከፍለው ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

ከእንቁላል ልጀምር። የሴት እንቁላል ከሰውነታችን ሴሎች ሁሉ ትልቁ ነው። ትልቅ ሲባል ግን የአንድ የጤፍ ፍሬ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ዓይን ጎበዝ ከሆነ እንደ ነጥብ ሊያየው ይችላል። የሚገርመው የተሠራበት ጊዜ ነው። ሴት ልጅ የዕድሜ ልክ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። በእናቷ ማህፀን የአምስት ወር ጽንስ ሳለች ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራሉ። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ 300 ወይም 400 ሺህ። ከእነዚህ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ በየወሩ እየበሰሉ የሚወጡት 400 ወይም 500 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ እዚያው እንቁላል የሚበስልበት አካል፣ ኦቫሪ ውስጥ ይከስማሉ። 50 ዓመት ገደማ ላይ ሲያልቁ ሴቲቱ ታርጣለች።

ይህ ማለት እኔ የተገኘሁባት እንቁላል የተሠራችው እናቴ ገና አያቴ ሆድ ውስጥ ሳለች ነው። አያቴ በዚያ ጊዜ መንዝ ውስጥ የገብስ ማሳ ስታርም ትውል ነበር። ብርዱ፣ ጾሙ፣ ሥራው ሁሉ የደረሰባት እኔን ጭምር ይዛ ነው ማለት ይቻላል። ነፍሰ ጡር ሴትን ስንመግብ የምንመግበው ሁለት ትውልድ ብቻ አይደለም፤ በሆዷ ያለችው ሴት ከሆነች ሦስት ነው። ይህን ሳውቅ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን ኪኒን በእኔ ዓይን ሌላ ክብደት አገኘ። ሳልናገር አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም።

የወንዱ ነገር ፈጽሞ ሌላ ነው። ወንድ ሲወለድ አንድም የተዘጋጀ ዘር የለውም። ማምረት የሚጀምረው ሲጎረምስ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ እርጅና አያቆምም። በሰከንድ ከአንድ ሺህ በላይ ይሠራል። አንዱ ዘር ግን ከጅምሩ ተሠርቶ ለመውጣት እስኪበቃ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ሥራው የሚሠራው ቆለጥ ውስጥ ነው። ቆለጥ ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለው በከንቱ አይደለም፤ ዘር በደንብ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። ኃይለኛ ትኩሳት የታመመ ሰው ከሳምንታት በኋላ ቢመረመር ዘሩ ቀንሶ ሊገኝ የሚችለውም ለዚህ ነው። ወንድ ልጅ የወለዳችሁ እናቶች፣ ስታጥቡት ሁለቱም ፍሬዎች ከረጢቱ ውስጥ መውረዳቸውን እዩ። ስድስት ወር ሞልቶት ካልወረዱ ሐኪም ይየው። በጊዜ ከታረመ ቀላል ነው፤ ከቆየ ግን ያ ሙቀት ይጎዳዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ጂም የሚሠሩ ወጣቶች ቴስቶስትሮን መርፌ አለሽ ወይ ብለው ይመጣሉ። ወንድነት ይጨምራል ብለው ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሰጥም፤ ግን ከመመለሴ በፊት ሁሌም እነግራቸዋለሁ። ዘር እንዲመረት ትእዛዝ የሚሰጠው አእምሮ ሥር ያለች ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ ናት። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ እጢዋ «በቂ አለ» ብላ ትእዛዙን ታቆማለች። ቆለጡ ሥራ ይፈታል፤ ይሟሽሻልም። የዘሩ ቁጥር እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ካቆሙት ይመለሳል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል። ጡንቻው ፈርጥሞ፣ ትዳር ይዞ፣ ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሚስቱ ላይ ነው።

ስለ ዘርና እንቁላል ስንማር አንድ ታሪክ ተነግሮናል። ሚሊዮኖች ሮጠው ፈጣኑ አሸነፈ፤ እንቁላሏ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ይህ ትክክል አይደለም። በአንድ ጊዜ ከሚፈስሱት በአሥርና በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዘሮች የማህፀን ቱቦ ውስጥ እንቁላሏ አጠገብ የሚደርሱት ጥቂት መቶዎች ናቸው። መንገዱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የሴቷ ሰውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማህፀን በር ላይ ያለው ፈሳሽ ወፍራም ነው፤ አያሳልፍም። እንቁላል ሊወጣ ሲል ቀጥኖ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ይሳባል፤ ያኔ ያሳልፋል። ማህፀኗም እየተኮማተረ ወደ ላይ ያግዛቸዋል። ደግሞ ትኩስ የወጣ ዘር እንቁላል ውስጥ መግባት አይችልም። በሴቷ ገላ ውስጥ ሰዓታት ቆይቶ ሽፋኑ ሲለወጥ ነው አቅም የሚያገኘው። ይህን በ1951 እ.ኤ.አ. ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሚን ቹ ቻንግ እና ኮሊን ኦስቲን፣ ተለያይተው እየሠሩ ደረሱበት። ቀድሞ የደረሰ ሁሉ አይገባም። ሳይዘጋጅ የደረሰ ደጅ ይቀራል።

አሁን ወደ ወር አበባ። ከሁሉ በላይ የተሳሳተ ስሌት የማየው እዚህ ነው። «ከአበባዬ በኋላ ያለው ሳምንት ሴፍ ነው አይደል?» ይሉኛል፤ አይፀነስም ለማለት ነው። አይደለም።

ወሩ ሁለት አጋማሽ አለው። በመጀመሪያው አጋማሽ ኦቫሪ ውስጥ አንዲት እንቁላል ትበስላለች፤ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን እየጨመረ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል። ከዚያ እንቁላሏ ትወጣለች። በሁለተኛው አጋማሽ እንቁላሏ የወጣችበት ቦታ ፕሮጄስትሮን ያመነጫል፤ ሽፋኑን ለጽንስ ያሰናዳል። ጽንስ ካልመጣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ ሽፋኑም ፈርሶ ይፈስሳል። ያ ነው የወር አበባ። ሁለተኛው አጋማሽ ብዙም አይለዋወጥም፤ 14 ቀን ገደማ ነው። የሚያጥረውና የሚረዝመው የመጀመሪያው ነው። ጭንቀት፣ ጉዞ፣ ሕመም ሊያዘገየው ይችላል። ስለዚህ በ14ኛው ቀን እንቁላል ይወጣል የሚባለው 28 ቀን ለሚሞላላት ሴት ነው። በ34 ቀን የምታይ ሴት 20ኛው ቀን አካባቢ ነው የምታወጣው። በ22 ቀን የምታይ ደግሞ 8ኛው ቀን ላይ፤ አበባዋ ከቆመ ገና ቀናት እንኳ ሳይሞሉት። በዚህ ላይ የወንድ ዘር በሴቷ ገላ ውስጥ እስከ አምስት ቀን ይቆያል። እንቁላሏ ግን ከወጣች በኋላ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። ደምሩት። ለሁሉ ሴት የሚሠራ «ሴፍ» ሳምንት የለም።

ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደውን መከላከያ፣ ፖስት ፒልን፣ የሚወስዱትም ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ኪኒኑ ጽንስ አያስወርድም። ሥራው የእንቁላሏን መውጣት ማዘግየት ነው። እንቁላሏ አስቀድማ ከወጣች የሚያዘገየው ነገር የለም። ለዚህ ነው «ነገ እወስደዋለሁ» የማይባለው። 72 ሰዓት ተብሎ ቢጻፍም የመጀመሪያው ሰዓት ከመጨረሻው ይሻላል።

ስለ ሕመሙም አንድ ነገር ልበል። ሽፋኑ ሲፈርስ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል፤ ማህፀኑን አጥብቆ ያኮማትረዋል። ሕመሙ ከዚያ ነው። አይቡፕሮፌን የሚረዳውም የዚህን ንጥረ ነገር መመረት ስለሚቀንስ ነው። ሕመሙ ከመበርታቱ በፊት፣ ምግብ ከተበላ በኋላ ሲወሰድ ይሻላል፤ የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ችግር ያለባት ግን ሐኪም ትጠይቅ። ይህ ለተለመደው ሕመም ነው። ከትምህርት ቤት የሚያስቀር፣ የሚያስታውክ፣ በየወሩ የሚብስ ሕመም ግን ተራ ነገር አይደለም። ከማህፀን ውስጥ ሽፋን ጋር የሚመሳሰል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ አለ። ብዙ ሴቶች ስሙን ሳይሰሙ ዓመታት ያሳልፋሉ። እናቶች «ስትወልጂ ይተውሻል» ብላችሁ አትመልሷት። ውሰዷት፣ ትታይ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ጉዳይ ግን የሳምንት ቆጠራ ነው። አንዲት ደንበኛችን ባሏ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንዳንዴ ወር ሙሉ አይመጣም። አንድ ቀን ሁለቱም ወደ ፋርማሲው መጡ። እሷ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። እሱ የአልትራሳውንድ ወረቀት በእጁ ጨምድዷል።

«እህቴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለኝ። «ይህ ወረቀት ስንት ሳምንት ነው የሚለው?»

አየሁት። «ስምንት ሳምንት ከአንድ ቀን።»

«ቤት ከገባሁ ስድስት ሳምንቴ ነው። ከስምንት ሳምንት በፊት ጋላፊ ድንበር ላይ ተሰልፌ ነበር። ንገሪኝ እስቲ።»

እሷ ምንም አልተናገረችም። ተናግራ ተናግራ የደከማት ትመስል ነበር።

ወንበር ሰጠኋቸው። ካላንደር ከግድግዳው አወረድኩ። «መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» አልኳት። ቀኑን ነገረችኝ። በእስክሪብቶ ከበብኩት። ከዚያ ለእሱ አሳየሁት። «ሐኪሞች እርግዝና የሚቆጥሩት ከዚህ ቀን ነው። ከተገናኛችሁበት ቀን አይደለም። መቼ እንደተፀነሰ በትክክል የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ መጨረሻ የታየውን አበባ መነሻ ያደርጋሉ። ጽንሱ የሚፈጠረው ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ስምንት ካለ ጽንሱ ስድስት ሳምንቱ ነው።» ጣቱን ካላንደሩ ላይ አድርጎ ራሱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ይቅር በይኝ» አለ። እዚያው፣ ሰው ባለበት።

ከዚያ ወዲህ የእርግዝና ምርመራ የሚገዛ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ይህን የሁለት ሳምንት ነገር ሳልናገር አልለቅም። ባህር ማዶ ሠርቶ ለእረፍት የሚመጣ ባል አለ። ወታደር አለ። ሹፌር አለ። ሐኪም ቤት ወረቀት ላይ ቁጥሩን ጽፎ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ከየት እንደሚነሳ ግን ሁልጊዜ አያስረዳም።

ደግሞ ከጽንስ ቀን መቁጠር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን ጌታን በማህፀኗ የተሸከመችው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው ትላለች። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29። ዘጠኙ ወር በሠላሳ ሠላሳ 270 ቀን፣ አምስቱ የጳጉሜን ቀኖች፤ በድምሩ 275። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለውም ይህ ቁጥር እንዳይዛነፍ ነው። ሐኪሞች ከጽንስ ቀን ሲነሱ አማካዩ 266 ቀን ነው ይላሉ፤ ከአበባ ሲነሱ 280። ልዩነቱ የመነሻ ቀን ነው። ለዚያ ሹፌር ይህንኑ ብነግረው ምናልባት በአንድ ደቂቃ ይገባው ነበር። ያኔ ትዝ አላለኝም።

ሠርግ ሲደርስ የሚመጡትን ሙሽሮችም ልርሳቸው አልችልም። «በዚያች ሌሊት ደም ባይታይስ?» ብለው የሚንቀጠቀጡ ልጆች አሉ። ወንድ ነክቷቸው የማያውቁ ጭምር። ክብረ ንጽሕና እያልን የምንጠራው በብልት መግቢያ ዙሪያ ያለ ስስ ሽፋን ነው። ከተፈጥሮው ቀዳዳ አለው፤ ባይኖረው የወር አበባው በምን ይወጣል? ቅርጹ ከሴት ሴት ይለያያል። የሚለጠጥ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ሴቶች አይደሙም። ዶክተርም ቢሆን አይቶ «ይህች ድንግል ናት፣ ይህች አይደለችም» ሊል አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ የሕክምና መሠረት የለውም፣ ይቁም ብለዋል። በነጭ ጨርቅ ላይ ስንቷ እንደተፈረደባት ሳስብ ያመኛል።

በመጨረሻ ልጅ ስለ መዘግየት። ሰው ዓመት ሙሉ መከላከያ ሳይጠቀም ተገናኝቶ ጽንስ ካልመጣ ምርመራ ያስፈልጋል። ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከስድስት ሰው አንዱ በዕድሜው ይህ ያጋጥመዋል። ችግሩ ከሴቷ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከወንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። ከሚያጋጥሙት ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ድርሻ አለበት። ሆኖም ፋርማሲዬ የምትመጣው እሷ ብቻ ናት። ሦስት ሐኪም ቤት ዞራ፣ ደም ሰጥታ፣ ራጅ ተነስታ፣ ጠበል ተጠምቃ ስትመጣ «ባልሽስ ተመረመረ?» እላታለሁ። «እሱማ ጤነኛ ነው» ትለኛለች። እንዴት ታወቀ? ስንፈተ ወሲብ ስለሌለበት። ይህ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ወንድ በአልጋ ላይ ምንም ሳይጎድለው ፈሳሹ ውስጥ አንድም ዘር ላይኖር ይችላል። ፈሳሹ አብዛኛው ከሌሎች እጢዎች የሚመጣ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ማይክሮስኮፕ ካልታየበት ማንም አያውቀውም።

በሴቷ በኩል በብዛት ከሚታዩት ምክንያቶች አንዱ የቱቦ መዘጋት ነው። በግንኙነት የሚተላለፉት ክላሚዲያና ጨብጥ ሳይታከሙ ሲቀሩ ቱቦውን ያጠባሉ፤ ክላሚዲያ ደግሞ በብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት አያሳይም። ያንን ኢንፌክሽን ይዞ ቤት የገባው አንዳንዴ ባልየው ራሱ ነው። ሆኖም መካን የምትባለው እሷ ናት። በ1978 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከገላ ውጭ ተፀንሳ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ልጅ የሉዊዝ ብራውን እናትም ቱቦዋ የተዘጋ ነበር። ሐኪሞቹ እንቁላሉን በቀጥታ ከኦቫሪ ወስደው በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከዘሩ ጋር አገናኙት፤ ከዚያ ማህፀኗ ውስጥ አኖሩት። ይህ ሕክምና ዛሬ አዲስ አበባም አለ፤ በመንግሥት በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይሰጣል። ውድ ነው፣ ወረፋውም ቀላል አይደለም። የዘር ምርመራ ግን ርካሽ ነው፤ ሕመም የለውም፣ መርፌ የለውም። ስለዚህ ከእሷ ራጅ በፊት፣ ቢያንስ በአንድ ቀን፣ የእሱ ምርመራ ይቅደም።

ባሎች ለምታነቡት እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ። ከምርመራው በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት መታቀብ ነው። ናሙናው ላቦራቶሪው በሚሰጠው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይወሰዳል፤ ኮንዶም አይሆንም፣ አብዛኛው ኮንዶም ዘር የሚጎዳ ነገር ስላለው። ቤት ከተወሰደ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ መድረስ አለበት። መንገድ ላይ እንዳይቀዘቅዝ ልብስ ሥር፣ ገላ አጠገብ ይያዛል። ውጤቱ ደካማ ቢሆን በአንድ ወረቀት አትደንግጡ። ሦስት ወር ቆይቶ ይደገማል፤ ያኔ የሚመረመረው ዘር ዛሬ ገና አልተሠራም።